የምስጋናው ደብተር

ልጆቹ «እማማ፣ የእኅታችንን የሩጫዋን ነገር ይንገሩን» እያሉ አስቸገሩኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እየተናገርኩ የምትጽፈው የሯጯ ታናሽ እኅት ናት።

ሯጯ የልጄ ልጅ ያኔ ፍኖተ ሰላም ትሰለጥን ነበር። የእኔ እግር ደግሞ ቤት አይውልም። ለቅሶ ነው፣ ንግሥ ነው እያልኩ ስዞር ቆሎ ይዤላት ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን ብሄድ አቀርቅራ ትጽፋለች።

«ምንድን ነው የኔ እናት?»

«አሰልጣኛችን ነው እማማ። በየቀኑ የምናመሰግንበትን ሦስት ሦስት ነገር ጻፉ አለን። ልብ ያረጋጋል፣ ለሩጫም ይረዳል ይላል።»

«ምስጋና በደብተር? እኛ ስንተኛ ስንነሳ ተመስገን የምንል፣ ማን ጽፎልን ነው?»

«እርስዎ ቢጽፉማ የከተማው ደብተር ሁሉ ያልቅ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ።

ቆሎውን ልታስቀምጥ ስትነሳ አነከሰች።

«እግርሽን ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልል፣ ተመስገን።»

እንዲህ ብላ እንድትመልስ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። በእኛ ዘንድ ደኅና ነሽ ሲሉሽ፣ ሆድሽን እየቆረጠሽም ቢሆን ተመስገን ይቀድማል። ስሞታ የሚያስቀድም ልጅ ያልተቀጣ ነው ይባላል። እናም ደስ ብሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ።

ለክልል ውድድር የሚሄዱት የሚመረጡት ቡሬ ላይ ነበርና እዚያም ሄድኩ። ሊሮጡ ሲሉ አሰልጣኙ «እግርሽ እንዴት ነው?» አላት። «ተመስገን» አለችው። አለፈ። ግማሹን እንኳ ሳታደርስ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። አጥንቷ ተሰንጥቋል አሉን። ከዚያ ወዲያ አልሮጠችም።

ንዴቴ አሰልጣኙ ላይ ወጣ። «አንተ ልጅ፣ ምስጋና ከምታስጽፍ እግሯን አታይም ነበር?»

«እማማ፣ እየሰሙኝ ጠየቅኋት እኮ። ተመስገን አለችኝ። ደብተሩን እንደሆን አላነበውም፣ የግላቸው ነው።»

እሱን ስረግም እከርምና ጥፋቱ ዞሮ እኔው ላይ ይመጣል።

ደብተሩን ልትጥለው ስትል ምስጋና አይጣልም ብዬ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ስንት ዓመት ተቀመጠ። ታናሿ ያኔ ገና ሕፃን ነበረች፤ አድጋ ማንበብ ስትችል አወጣችና አነበበችልኝ። በየገጹ ከሦስቱ አንዱ የእግሯ ነገር ነው። «ዛሬ ሕመሙ ጉልበቴ ድረስ ስላልወጣ ተመስገን» ይላል አንዱ። እኔ የሄድኩበት ቀንም አለ። መጀመሪያ ቆሎውን አመስግናለች። ከታች ደግሞ «እማማ ሳነክስ አይተው ምንም አልል ስላቸው ስላመኑኝ ተመስገን» ይላል።