ገጽ ሰባ ሰባት ላይ ያደረግኳት ነጥብ

መጽሐፌን ያሳተምኩት ዕቁብ ሲደርሰኝ ነው። ሰመራ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፣ አሳታሚዎችም ስሜን ሰምተው አያውቁም። ከዚህ መጽሐፍ የማገኛት እያንዳንዷ ብር ሌላ ሰው እጅ እንዳትገባ ምዬ ነበር። ማተሚያ ቤቱን ጠረጠርኩ፣ መጽሐፍ መደብሮቹን ጠረጠርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

በመጨረሻ ሊሸጥልኝ የተስማማው አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለ አዟሪ ነው። አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ ውሃ፣ ሶፍትና መጽሐፍ ይዞ በየመስኮቱ ስር ይዞራል። የሚሸጠውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ በቃሉ ይይዝና ለተሳፋሪው ይተርካል፤ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል። ሰው ቀሪውን ለማወቅ ይገዛዋል። ይህ ትጋቱ ራሱ አላማረኝም። ለሰው መጽሐፍ እንዲህ የሚለፋ ሰው፣ የደበቀው የራሱ ጥቅም ቢኖረው ነው እንጂ!

ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት ወለል ላይ ተቀምጬ በየቅጂው ገጽ ሰባ ሰባት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ አንድ ነጥብ አደረግኩ። ነጥብ የሌለው ቅጂ ከተገኘ እሱ ደብቆ ያሳተመው ነው ማለት ነው። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ሲቆም ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ወጥቼ ጥላ ስር ቆየሁና ተመልሼ ጨረስኩ። በማግስቱ ሁሉንም ላክሁለት።

ከሁለት ወር በኋላ ከዱብቲ በሚኒባስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች ነርስ መጽሐፌን ስታነብ አየሁ። ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። አስፈቅጄ ገጽ ሰባ ሰባትን ገለጥኩ። ነጥብ የለም።

«ከየት ነው የገዛሽው፣ እህቴ?»

«አዋሽ፤ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም።»

ቅዳሜ አዋሽ ደረስኩ። ሰላም እንኳ አላልኩትም። ተሳፋሪው፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱ ሁሉ ባለበት «ሌባ!» አልኩት።

«ወላሂ፣ አንተ ከሰጠኸኝ ሌላ አንድም የለኝም» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። አላመንኩትም። ያልተሸጡትን ቅጂዎች ሰብስቤ ተመለስኩ።

ቤቴ ገብቼ አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። አንዱ ላይ ሁለት ነጥብ አለ። ቀጥሎ ያለውም ላይ ሁለት። ያን እሑድ ከጥላው ስመለስ የጨረስኩትን ክምር ነበር እንደገና የጀመርኩት፤ ሌላው ሳይነካ ሄዷል። በዚያ ሙቀት ላብ ሳይሆን ሐፍረት አጠመቀኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ሻይ አዘዘልኝ፤ ሒሳቡንም ራሱ ከፈለ።

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። «ረዳቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አያስጠጉኝም። ውሃ እንኳ የሚገዛኝ የለም። ያኔ ጮኸህ እንደተናገርከው፣ አሁንም ጮኸህ ንገርልኝ።»

አውቶቡሱ መጣ። በሩ አጠገብ ቆሜ፣ ይህ ሰው እንዳልሰረቀ፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ በሙሉ ድምፄ ተናገርኩ። ሌባ ያልኩ ጊዜ አንገቱን ያላዞረ ሰው አልነበረም። አሁን ሁሉም ወደ ምሳው ይጣደፋል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ፊቴን ሳያዩ «እግዜር ይስጥልን» ብለውኝ አለፉ፤ ለማኝ መስያቸው ነው።

አዟሪው ውሃውን ይዞ ወደ በሩ ተጠጋ። ረዳቱ በእጁ መለሰው።