በአቧራ የታጠብኩበት ሳምንት

ልጆቼን በጠዋት ታጥበው፣ ጥርሳቸውን ፍቀው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት አድርገሽ ነው ያስለመድሻቸው?» ይለኛል። እኔም እንደ አዋቂ ፈገግ እላለሁ። እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? በስምንት ዓመቴ ሮቤ ውስጥ ከውሃ የምትሸሽ፣ ስትሸሽም የሃይማኖት ማስረጃ የምታቀርብ፣ ወላሂ ለጉድ የተፈጠረች ልጅ ነበርኩ።

ከመፍረዳችሁ በፊት የባሌን ብርድ እወቁልኝ። ህዳር ሲገባ ግቢያችን ያለው የውሃ በርሜል ጠዋት ጠዋት ላዩ ስስ በረዶ ይሠራል። እናቴ በረዶውን በጣሳ ሰበር ታደርግና «ነይ!» ትላለች። ፊት፣ ክንድ እስከ ክርን፣ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከጆሮ ጀርባ ሳይቀር። ያልታጠበ ቁርስ የለውም። ያልሞከርኩት ዘዴ አልነበረም፤ ጣቴን ነክሬ ቅንድቤን ብቻ አርሳለሁ፣ የቀሚሴን ጫፍ አርጥቤ «ይኸው ታጥቤያለሁ» እላለሁ። እናቴ ግን ጆሮዬን ገልበጥ አድርጋ በጣቷ ትፈትግና የወጣውን እድፍ ወስዳ ለአባቴ ታሳየዋለች። አባቴ ባለሱቅ ነው። ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ ይሸጣል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሳሙና ነው የሚሸጠው።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ቁርአን የሚያቀሩን ኡስታዝ ስለ ተየሙም አስተማሩን። ለሶላት መታጠብ ያለበት ሰው ውሃ ቢያጣ፣ ወይም ታሞ ውሃ የሚጎዳው ቢሆን፣ ንጹህ አፈር በመዳፉ መታ አድርጎ ፊቱንና እጁን ያብሳል፤ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን አልሰማሁም። ልቤ በደስታ ዘለለች። ይህን ሁሉ ዘመን በብርድ ስንቀጠቀጥ ይህን የመሰለ ነገር የደበቀኝ ማን ነው? ትምህርቱ ሲያበቃ ከሁሉም ቀድሜ በሩጫ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ በርሜሉ ዞር ብዬም አላየሁ። የጓሮውን የጭቃ ግድግዳ በሁለት መዳፌ ጠፈጠፍኩና ፊቴን አበስኩ። እጄንም አበስኩ። እግሬን ኡስታዝ ባይሉም ለጥንቃቄ ብዬ ጨመርኩት። ከዚያ ገብቼ ቁርስ ላይ እንደ ሙሽራ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሽ ነው? ዱቄት ውስጥ ወደቅሽ?» አለች እናቴ።

«ተየሙም አድርጌ ነው። ውሃው ይጎዳኛል። ቅዳሜ ደግሞ ጎባ የምሮጥ ሰው ነኝ፤ ብርድ ቢመታኝስ?»

ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። ቅዳሜ ጎባ ላይ የትምህርት ቤቶች ሩጫ ነበር፤ ከክፍላችን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ጎባን እስከዚያ ቀን አይቻት አላውቅም። ሩጫውን ለአንድ ወር በሕልሜም በእውኔም ስሮጠው ከርሜያለሁ።

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የሳሙና ነጋዴ ልጅ በአቧራ ትታጠብ! ወይ ጉድ! አለንጋው የት አለ?»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አባቴ። ጺሙን ሲያሻሽ ሳቁን እየዋጠ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። «ልጅቷ እውነቷን ነው። ውሃ የሚጎዳው በሽተኛን ነው። እንግዲህ ታማለች ማለት ነው። አልጋ ይነጠፍላት፤ ትምህርት ቤትም አትሂድ።»

እሰይ! አሸነፍኩ አልኩ። ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ ተጋደምኩ።

እኛ ሰፈር ታመመ ለተባለ ሰው ቤቱ የሚቀር የለም። እናቴ ለአንዷ ጎረቤት ብቻ ነው የነገረቻት፤ ቀትር ሳይሆን ቤቱ ሞላ። አንዷ ብርቱካን፣ አንዷ ብስኩት፣ አንዷ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ይዛ በኦሮምኛ «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ፣ አላህ ያሽርሽ» እያለች ግንባሬን ትዳስሳለች። እኔም እንደ ደንቡ አቃስታለሁ። የግድግዳውን አቧራ ፊቴ ላይ ያዩት ሴትዮ «ውይ፣ ፊቷ እንዴት አመድ መስሏል!» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ጩኮውን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ጨረስኩት። እንዲህ ያለ በሽታ ዕድሜ ልክ ቢቆይ አልጠላም ነበር።

ማታ ግን አባቴ መድኃኒት ይዞ መጣ። ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ፣ አንድ ማንኪያ ሙሉ። «በሽተኛ መድኃኒት ይወስዳል» አለ፣ ፊቱ እንደ ቃዲ ኮስተር ብሎ። ጉሮሮዬ ተቃጥሎ እስከ እኩለ ሌሊት ውሃ ስጠጣ አመሸሁ። ቢሆንም እጅ አልሰጠሁም።

ረቡዕ ጠዋት ከአጥራችን ማዶ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታችን መጡ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። ውሃ የማይስማማት ልጅ አለች ሲባል ሰምተው አድረዋል። «ውሃ የሚፈራ ሌላ ነገር ነው እንጂ በሽታ አይደለም» አሉ፣ ከነጠላቸው ሥር የጠበል ጆግ እያወጡ። እናቴ «ኧረ እትዬ…» ማለት ስትጀምር «በስመ አብ!» ብለው ሙሉውን ፊቴ ላይ ቸለሱት። ከአንድ ጣሳ ስሸሽ አንድ ጆግ ሙሉ፣ ያውም አልጋ ላይ! ጮኼ ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝ። እትዬ «ይኸው፣ እየለቀቃት ነው» አሉ። እናቴ የበሩን መቃን ይዛ በሳቅ ስትንፈራፈር አየኋት፤ በጣም ተቀየምኳት።

ሐሙስ ከሰዓት የክፍል ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ከእኔ ቀጥሎ ፈጣኗ እሷ ነበረች። ብስኩት ሰጠችኝና እግሯን እያየች «ቅዳሜ የምሮጠው እኔ ሆንኩ» አለች። «የስፖርት መምህሩ ስምሽን ሰርዞ የእኔን ጻፈ። አባትሽ ታማለች ብለውት ነው አሉ።»

ከአልጋው እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። በባዶ እግሬ ሱቅ ድረስ በረርኩ። አባቴ ስኳር እየመዘነ ነበር።

«አባ፣ አልታመምኩም!»

«አውቃለሁ» አለ እየሳቀ። «ቶሎ ተሻለሽ።»

«ስሜ ተሰርዟል። ቅዳሜ አልሮጥም።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ለካ ማክሰኞ ዕለት መምህሩ ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ፣ አባቴ ለጨዋታው ድምቀት ብሎ «ልጄ በጠና ታማለች» ብሎታል። መምህሩ ምን ያድርግ፣ አመነ። አባቴ ስኳሩን ሚዛኑ ላይ እንዳለ ትቶ ሱቁን በቀን ዘጋና እጄን ይዞኝ ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። ዝርዝሩ ጎባ ደርሷል። ልጅቷም ጫማ ተውሳ ሁለት ቀን ሙሉ ስትለማመድ ቆይታለች፤ አሁን ቅሪ ማለት እንዴት ይሆናል?

ስንመለስ አባቴ «የጠየቁሽን ሰዎች ግን ማታለል ነውር ነው፤ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለኝ። እያለቀስኩ በየበሩ ዞርኩ። ጩኮ ያመጣችው ጎረቤት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እትዬ ጭራሽ አልተቀበሉኝም። «ኧረ ተይ ልጄ፣ ጠበሉ ነው የፈወሰሽ፤ አትካጂ!» አሉኝ። ኡስታዝ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «እኔ እኮ ሳልጨርስ ነው ልብሽ የሸፈተው። ብርድ ምክንያት የሚሆነው ውሃውን ማሞቂያ ስታጪ ነው» አሉ።

ቅዳሜ አባቴ ጎባ ወሰደኝ፤ ለማየት ብቻ። እንዲህ ነበር እንግዲህ ጎባን ያየኋት። ሜዳው ዳር ቆሜ ጓደኛዬ እንድትወድቅ ዱዓ አደረግኩ። ውቀሱኝ ከፈለጋችሁ። አልወደቀችም፤ ሁለተኛ ወጣች። ሰው ሲያጨበጭብ እንባዬ መጣ፤ አላቆም አለኝ። እኔ ብሆን አንደኛ እወጣ ነበር፤ ይህን ዛሬም አምናለሁ።

አባቴ ደህናውን ካፖርቱን እንደለበሰ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ፊት ለፊቴ ሆነ። ይቆጣኛል፣ ወይም «ለሚቀጥለው ያስተምርሻል» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«አጠፋሁ» አለኝ። «አንቺ በውሃ ቀለድሽ፤ እኔ በሩጫሽ ቀለድኩ። ስምሽን ያሰረዝኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ደነገጥኩ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼም አይቼም አላውቅም። ሰው ሰምቶ ይሆን ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ስለ እሱ አፈርኩለት። ደረቴ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ሞቅ አለኝ። ያም ሆኖ ነጋዴ ነው የወለደኝ፤ እንዲሁ በነጻ አልለቀቅኩትም።

«ይቅር እልሃለሁ» አልኩት አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ። «ግን ኡስታዝ ማሞቂያ ካለ ይሞቃል ብለዋል። እናንተ ማንቆርቆሪያ አላችሁ፤ ከሰልም አላችሁ። እስከ ዛሬ ለምን አላሞቃችሁልኝም?»

አባቴ አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሰው እስኪዞር ድረስ ሳቀ። «እሺ» አለ፣ «ረታሽኝ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ከፈጅር ሶላት ሲመለስ ከሰል ያያይዛል፣ ማንቆርቆሪያውን ይጥዳል፣ ከዚያ ይጠራኛል። እኔ ስታጠብ ራሱ ያፈስልኛል፤ የገበያውን ወሬ ያወራልኛል፣ የሱቅ ደንበኞቹን አነጋገር እየቀዳ ያስቀኛል። ያንን ወሬ እንዳያመልጠኝ ስል ሳልጠራ መነሳት ጀመርኩ። እናቴ «ይህን ያህል ዓመት ስጮህ!» እያለች ትገረማለች። ጎባ ላይ ግን ሳልሮጥ ቀረሁ። በዓመቱ ከእኔ የፈጠነች ሌላ ልጅ መጣች።

አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ለትምህርት ከቤት ልወጣ ስል፣ አንድ ጠዋት «አባ፣ አሥር ዓመት ይበቃሃል፤ ከዛሬ ጀምሮ ራሴ አሞቃለሁ» አልኩት።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ። «ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?» አለኝ።

የተለመደ ቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳየው እሱ አይስቅም።

«አባ፣ ያኔውኑ እኮ ነው ይቅር ያልኩህ» አልኩት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና መዳፌን እንድዘረጋ ጠብቆ ውሃውን አፈሰሰልኝ።