ዓሣ በቅርጫ

ክንዴን በበላኝ ቁጥር ያ ጊዜ ይመጣብኛል። እያከክሁ እነሳና ያለ ሥራ ከቤት ወደ ኩሬው፣ ከኩሬው ወደ ቤት እመላለሳለሁ።

እኔና ጎረቤቴ ከአምቦ ወጣ ብሎ ጎን ለጎን ሁለት ኩሬ አስቆፍረን ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ያስገባንበት ዓመት ነበር። እሷ ባሏን ቀብራ፣ ከቤት አልወጣም ብላ የከረመች ሴት ናት። ያወጣት ዓሣው ነው። ጭጋጉ ሳይነሳ ፉርሽካዋን ይዛ ዳር ላይ ቆማ አገኛት ነበር። «ያ ኢንተላ፣ ዓሣ ከሰው ቀድሞ ነው የሚርበው» ትለኛለች። በኦሮምኛ ልጅት ማለቷ ነው፣ ሁለታችንም አያቶች ሆነን።

አንድ ጠዋት የእሷ ዓሦች ይዘሉ ጀመር። ጎናቸውን ከድንጋይ ያሻሉ፣ ጧ ብለው ውሃው ላይ ይወድቃሉ። አንዱን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ባየው ቆዳው ቀይ ነጠብጣብ አውጥቷል። የእኔዎቹ ደህና ነበሩ። ይሄ አንገበገበኝ። መከራው ለእሷ ብቻ ለምን ይሆናል? ለበዓል በሬ ስናርድ ሥጋውም አጥንቱም እኩል ተመድቦ ዕጣ ይጣል የለ? ዓሦቹንም እንደ ቅርጫ አደረግኋቸው። በሳፋ እየቀዳሁ ግማሹን የእሷን ወደ እኔ፣ ግማሹን የእኔን ወደ እሷ። ተይ ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

በሳምንቱ በሁለቱም ኩሬ ዝላይ ሆነ።

ከእርሻ ቢሮ የመጣችው ባለሙያ አንዱን ገልብጣ አሳየችኝ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ክንፉ ሥር ተጣብቃ ትንቀሳቀሳለች። የዓሣ ቅማል ነው አለች። ልትቆጣኝ ፈልጋ ዕድሜዬን አይታ የተወችው መሰለኝ።

«እማማ፣ ያካፈሉት እኮ ቅማሉን ነው።»

የልጆቻችንን ራስ እንደቀመልን ዓሣ ስንቀምል ሰነበትን፤ በወረንጦ እየለቀምን፣ ጨው ውሃ ውስጥ እየነከርን። ጎረቤቴ የመጨረሻ ልጆቻችን እነዚህ ሆኑ ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሆዳቸው ነጭ ሆኖ የተንሳፈፉት ሽታ ከእጄ አልለቅ ብሎ ነበር።

አሥራ አንድ ተረፉ። በርሜል ውስጥ አቆይተን፣ ኩሬዎቹን አድርቀን ኖራ በተንን። ከዚያ ስድስቱን ውሰጂ አልኋት።

«ዛሬስ አትከፋፍዪ» አለችኝ። «አንቺ ጋ ይሁኑ። እኔ እመጣለሁ።»

ጉልበቷ እስኪከዳት በየጠዋቱ መጣች። ከዚያ ልጇ ወደምትኖርበት ከተማ፣ ወደ ካቺሲ ወሰደቻት።

ትቆምበት የነበረው ዳር ሣር እየበቀለበት ነው። በየሳምንቱ እነቅለዋለሁ።