የምጽዋ መንገዶች በኮልፌ

አምሐን ፀሐይ እናቱን የነጠቀችው የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነው።

ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣ መኪና ሲገኝ ይወጣል፤ ሲታጣ ሰው ጓዙን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ከሸዋ ወርዶ ወደብ ላይ ሲያወርድና ሲጭን የኖረው አባቱ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እናቱ ወይዘሮ ኤቢሴ አምሐንና የሰባት ዓመቷን ተሻለችን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ልትመለስ ተነሣች። ወሩ ሰኔ ነው። የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ዶጋሊን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን ከፍቶ አየና ክዳኑን መልሶ ዘጋው። ምጽዋ የኖረ ሰው እንዲህ ሲገጥመው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የነበሩ የደጋ ነጋዴዎች ግን መንገዱን በደጋ ዓይን ለኩት። "ተራራው ይኸው ይታያል፣ ምን ቀረው?" አሉና ወረዱ። አንዱ ሲነቃነቅ ሌላውም ይነቃነቃል። በቀትር በእግር ጀመሩት።

ወይዘሮ ኤቢሴ የያዘችውን ውኃ ለልጆቿ አጠጣች። መጀመሪያ ላቧ ደረቀ። ቀጥሎ ነገር ይምታታባት ጀመር፤ አምሐን በአባቱ ስም ጠራችው። ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጧት፤ ከዚያ አልተነሣችም። ሰዉ ጥቂት ቆሞ አለቀሰና መንገዱን ቀጠለ። በዚያ የሚያልፉ ሁለት ግመለኞች መቃብር ቆፈሩለት፤ ለሕፃኗም ውኃ ሰጧት። ታላቁ ግመለኛ አምሐን ትከሻውን ይዞ ወደ ጥላው መለሰውና "ፀሐይ እስክትወድቅ እንዳትነቃነቅ" አለው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ እህቱን በእናታቸው ነጠላ አዝሎ ሽቅብ ወጣ። በማግስቱ ጊንዳዕ ከተማ ገባ።

ከዚያ ወዲህ አምሐ በቀትር መንገድ ሄዶ አያውቅም።

ኮልፌ ያለችው አክስታቸው ተቀበለቻቸው። አምሐ አደገና የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነ፤ ከኮልፌ እስከ አየር ጤና ያልረገጠው ቅያስ፣ ያልጮኸበት ውሻ የለም። ሥራውን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። በር ሲያንኳኳ ሰዉ በሌሊት ልብሱ ይወጣና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ውኃው ሳይነሣ ቆጣሪውን ትቀሰቅሳለህ?" ይለዋል። እሱ ቁጥሩን አይቶ ያልፋል። ፀሐይ ስትበረታ ቤቱ ገብቶ መጋረጃ ይዘጋል። ለቅሶ እንኳ ቢሆን ቀብሩ በስድስት ሰዓት ከሆነ ማልዶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ይመለሳል እንጂ አይሸኝም። ሰፈሩ ይህን ኩራት ነው ብሎ ያዘበት። ኩራት ነው መባሉን እሱም አልጠላውም፤ ከማስረዳት ይቀላል።

ተሻለች ልብስ ሰፊ ሆነች። አገባች፣ ባሏ ሞተ፣ ወደ ወንድሟ ግቢ ተመለሰች። የእሱም ሚስት ሞታ ልጆቹ የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው ስለነበር ወንድምና እህት እንደ ልጅነታቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። እንዲህ ሲኖሩ ነው፣ ባለፈው ዓመት፣ ተሻለች ስትሮክ የመታት። ከሆስፒታል ስትመለስ ግራ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ግራ እግሯ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም።

ቤቴል ካለ ክሊኒክ የምትመጣ ሰልሳቢል የምትባል ፊዚዮቴራፒስት አለች። መሐረቧን ወደ ኋላ ሸብ አድርጋ የተሻለችን እግር ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አንድ ቀን አምሐን በረንዳ ላይ ለብቻው አገኘችው።

"ጋሽ አምሐ፣ እኔ የማደርገው በሳምንት አንዴ ነው። እትዬ ተሻለች በየቀኑ ካልሄዱ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም።"

"አትሄድም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው።"

"ታዲያ እርስዎ ያዙሯቸዋ።"

ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ተነሺ፣ ትንሽ እንሂድ" አላት።

"የት ነው የምሄደው ጋሼ? መንገዱ ተቆፍሯል። ቦዩ ክፍት ነው። ሰዉም 'አይዞሽ' እያለ ይገድለኛል።"

ከዚያ ያላሰበው ነገር ከአፉ ወጣ። "ምጽዋ" አላት።

ተሻለች ከግድግዳው ዘወር አለች።

አምሐ ምጽዋን የሚያውቃት በእግሩ ነው። አባቱ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ማለዳ ይዞት ይወጣ ነበር። ከደሴቲቱ ጫፍ ከራስ ሙዱር ተነሥተው፣ ከባሕር በተፈለጠ ድንጋይ በተሠሩት አሮጌ ቤቶች መካከል ያልፋሉ፤ አጭሩን ድልድይ ተሻግረው ጧለት ወደምትባለው ሁለተኛ ደሴት ይገባሉ። ከጧለት የባቡሩን ሐዲድ ይዘው፣ ግራና ቀኙ ባሕር በሆነው ረጅሙ ድልድይ ወደ ምድር ይወጣሉ። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ የባሕሩን ዳር ይዞ የሚሄደው ሕርጊጎ መንደር ያደርሳል፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው ደግሞ ጉርጉሱም ወደሚባለው የአሸዋ ዳርቻ። ፀሐይ ሳትጠነክር ይመለሳሉ። ተሻለች ይህን ሁሉ አታውቀውም። ከምጽዋ የያዘችው የዓሣ ሽታና የወንድሟን ጀርባ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አምሐ በቀኝ እጇ ከዘራ አስይዞ፣ በግራዋ በኩል ራሱ ሆኖ አወጣት። የግቢያቸው በር ራስ ሙዱር ሆነ። ከበሩ እስከ ጎረቤታቸው ሀምዱ ሱቅ ያለው ጠባብ ቅያስ የአሮጌው ከተማ መንገድ ነው። ከሱቁ ቀጥሎ ቦዩ ላይ የተጋደመው ጣውላ አጭሩ ድልድይ ነው። ከጣውላው ወዲያ እስከ ታክሲ ፌርማታው ሽቅብ የሚወጣው ኮብልስቶን ደግሞ ረጅሙ ድልድይ፤ ፌርማታው ሲደረስ ምድር ተነካ ማለት ነው።

"እዚህ ጋ ቀና በይ። የእንጨት ሰገነት አለ፤ ሰዎቹ አየር ሊያገኙ እሱ ላይ ይተኛሉ።"

"አሁንም ተኝተዋል?"

"ተኝተዋል።"

"ስንፍናቸው። ትናንት ዓሣ የምትሸጥ ሴት አለች ያልከኝስ?"

"እሷ ድልድዩ ጋ ነች። ድረሺባትና ግዢ።"

ሀምዱ የሱቁን በር ሲከፍት ይሰማቸዋል። አምሐን ከወጣትነቱ ያውቀዋል፤ አምሐ ቆጣሪ ሊያነብ በስንት ማለዳ በሩን አንኳኩቶበታል። ሦስተኛው ቀን ላይ አላስችል ብሎት ጠየቀ።

"ቆይ አምሐ፣ የእኔ ሱቅ በዚህ ምጽዋችሁ ውስጥ ምንድን ነው?"

"የቱርክ ሹም ቤት።"

"እንግዲያ በነፃ አታልፍም። ቀረጥ ትክፈል።"

ተሻለች ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር።

ጥቅምት እንዲህ አለፈ። ጣውላውን ተሻገሩ፣ ከኮብልስቶኑም እኩሌታውን ወጡ። ኅዳር ሲገባ ግን ነገሩ ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። የኮልፌ ማለዳ በኅዳርና በታኅሣሥ አጥንት ይሰብራል። ተሻለች ከበሩ ስትወጣ እግሯ እንጨት ይሆናል፤ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። አምሐ ካፖርት ደረበላት፣ የሱፍ ካልሲ አስጠለፈላት። ሰዓቱን መቀየር ግን በልቡ አላለፈም። ከምጽዋ ያመጣው የመንገድ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው የሚሄደው ፀሐይ ሳትወጣ ነው።

አንድ ማለዳ ጣውላው ላይ ጤዛ አርፎበት ኖሮ ተንሸራተተች። ሀምዱና አምሐ ተጋግዘው አነሷት። አልተሰበረችም። ወደ አልጋዋ ተመለሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰልሳቢል መጥታ የተሻለችን ጉልበት ስትዘረጋው አልዘረጋ አላት። "በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?" ብላ ጠየቀች። ስትሰማ እጇን ከጉልበቱ ላይ አነሣች። "ጋሽ አምሐ፣ ብርዱ እኮ ነው የሚያኮማትረው። በስድስት ሰዓት ያውጧቸው፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል።"

"በቀትር አላወጣትም።"

"ምነው? ከሰዓቱ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው።"

"አላወጣትም አልኩ።"

ሰልሳቢል ሁለቱንም አየቻቸው። "እንግዲህ እኔ ተናግሬያለሁ" ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች።

አምሐ በረንዳው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ደክሞታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህን ያህል ደክሞት አያውቅም። ሰው ምን ያህል ጊዜ ሰው ያነሣል ብሎ አሰበ፤ አሳቡም አሳፈረው። ከውስጥ የተሻለች ድምፅ ተሰማ።

"ጋሼ፣ ና እስቲ።"

ገባ። አልተቀመጠም።

"እማዬ ስትሞት እኔም እዚያ ነበርኩ" አለች።

"ሕፃን ነበርሽ።"

"ሕፃን ዓይን የለውም? ግራሩን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የማላውቀው። አንተ ነህ የሄድከው፣ እኔ ጀርባህን ነው ያየሁት። ዛሬም ልታዝለኝ ነው የምትፈልገው።"

"አሁን እንኳ ብፈልግም አልችልም።"

"አውቃለሁ። ወገብህ የት አለና።"

ጣሪያው ላይ ቆርቆሮው በሙቀት ቋ ይላል፤ ፀሐይ ወጥታለች።

"ያ ፀሐይ የምጽዋ ነው ጋሼ" አለች። "ይሄኛው የኮልፌ ነው። አንተ ሁለቱን አንድ አድርገህ ኖርክ። እኔ በብርድ እዚህ ግድግዳ ሥር እንጨት ሆኜ ልቅር? አንተ ከፈራህ ሀምዱን እጠራለሁ።"

"ሀምዱ ምጽዋን የት ያውቅና?"

"ሱቁ እዚያ አይደል?"

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወጡ። አምሐ ውኃ የሞሉ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች በግራና በቀኝ ኪሱ ከትቷል፤ ጃንጥላ ዘርግቶላታል፤ እርጥብ ፎጣ በትከሻው ይዟል። ሀምዱ ከሱቁ በር ሲያያቸው፣ "ሐጅ ነው እንዴ የምትሄዱት?" አለ። አምሐ አልሰማውም። የሚያየው ፊቷን ብቻ ነው። ስለ ሰገነቱም ስለ ዓሣ ሻጯም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጣውላውን ሲሻገሩ ቆም አደረጋትና ግንባሯን በእጁ ነካ። እርጥብ ነው። እንደገና ነካው።

"ምን ትዳብሰኛለህ?"

"ላብሽን ነው። ላብ ካለ ደህና ነው። ስሜ ማን ነው?"

"ምን?"

"ስሜን ንገሪኝ።"

ተሻለች ፊቱን አየችው። ልትቀልድ ነበር፤ ተወችው። "አምሐ ነው" አለች በቀስታ። "አባባ አይደለህም። አምሐ ነህ። ጃንጥላውን እጠፈው፣ ፀሐዩን ከለከልከኝ።"

አጠፈው። ኮብልስቶኑን ጀመሩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐዩ በነፋሱ መካከል ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። የተሻለች ጣቶች በካልሲው ውስጥ ቀስ በቀስ ተፈቱ፤ እግሯ ከድንጋዩ ትንሽ ከፍ እያለ ያርፍ ጀመር። ከእኩሌታው በላይ አምሐ ኋላ ቀረ። አቀበቱ አድክሞታል። ተሻለች ሳትጠብቀው በከዘራዋ እየተመራች ወጣች።

ፌርማታው ሲደርስ ጠርዙ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እሷ ቆማለች። የታክሲው ወያላ፣ "ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች፣ እማማ ይግቡ" አላት።

"በእግሬ ነኝ" አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ በቀትር ይወጣሉ። ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተዘርግቷል። እጇ አልተመለሰም፤ እንደማይመለስም ሰልሳቢል ነግራቸዋለች። አሁን ከፌርማታው አልፈው ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ይዘዋል፤ ሕርጊጎ ብለውታል። ሲመለሱ አምሐ ሀምዱ ሱቅ በር ላይ ባለው አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቶ ያርፋል፤ ተሻለች እሱን ትታ ወደ ግቢዋ ትገባለች።

በቅርቡ ሀምዱ፣ "ከሄድክበት መንገድ ሁሉ የቱን ነው ትልቅ የምትለው?" ብሎ ጠየቀው። አምሐ እንዲህ አለ፦

"እህቴን ከዚያ በረሃ አዝዬ ማውጣቴን የዕድሜዬ ሥራ አድርጌ ይዤው ኖርኩ። ማንም ወጣት ያዝላል፤ አማራጭም የለውም። ለካ አላወረድኳትም ነበር። እሷው ናት አውርደኝ ያለችኝ። እያዩ የሚፈሩለትን ሰው አውርዶ፣ በራሱ እግር ሲሄድ ከጎኑ መሄድ፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው እሱ ነው። ከማዘሉም የከበደኝ እሱ ነው። ደክሞኛል ሀምዱ። እሷ ግን ነገም በስድስት ሰዓት በሩ ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ።"