ዓባይነሽና የቡሬው ስክሪን

ዓባይነሽ ገብረሰንበት ሰው አታምንም። እሷም አትደብቀውም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቷ ሞባይል ይዞ የመጣ ሰው «በራሱ ጊዜ ጠፋ» ካላት፣ ውሃ ውስጥ ጥለኸው ነው ብላ ትጀምራለች። ከአዲስ አበባ የሚላክላትን አይሲ፣ ያቺን ቦርድ ላይ የምትገጠም ቺፕ፣ ነጋዴው አዲስ ነው ብሎ ቢምል ቢገዘትም፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ ለክታ፣ በአጉሊ መነጽር አገላብጣ፣ አሽትታ ነው የምትቀበለው። የጠገነችው ዕቃ ብሎን ላይ ደግሞ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ታደርግበታለች። ሌላ ሰው ከፈታው ቀለሙ ይሰነጠቃላ! ማን ሊያታልላት?

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ልጅ ሳለች ደምበጫ ጥገና ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ባልደረባዋ ከሰው ዕቃ ደህናውን እያወጣ አሮጌ ሲገጥም ኖሮ፣ ጉዱ ሲወጣ ስድቡን የጠጣችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ከስሟ በቀር የምትሳሳለት ነገር የላትም። ስሟን የነካ መስሎ ከታያት ደግሞ አትምረውም።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምህረት መስከረም ላይ ቡሬ የዱቄት ፋብሪካ ያላቸው አቶ እጅጉ አስጠሯት። አዲሱ ማሽናቸው በጣት በሚነካ ስክሪን ነው የሚታዘዘው። ስክሪኑ ድርግም ሲል ፋብሪካው ቀጥ አለ። ከፍታ ብታየው ዱቄት ገብቶ፣ ከእርጥበት ጋር ሊጥ ሆኖ ቦርዱ ላይ ተጋግሯል። ስክሪኑን የሚነዳው ድራይቨር፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል አይሲ፣ ተቃጥላለች። ቀየረቻት፣ ብሎኑን ቀባች፣ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ልጅ «ከዱቄቱ ጠብቀው፤ ሸፍነው» አለችና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሰች።

ልጁ አምላኩ ይባላል፤ የቋሪት ሰው ነው፣ የገበዝ ማርያም። ሲያናግሩት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ከሁለት ቃል በላይ አይመልስም። ይሄንንም አልወደደችለትም፤ እንዲህ ጭምት የሆነ ሰው አንድ ነገር አያጣም ብላ በልቧ ያዘችበት።

ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ስክሪኑ እንደገና ጠፋ። አቶ እጅጉ በስልክ ሲያናግሯት ድምፃቸው ተለውጧል። የገጠምሽው ዕቃ ደህና ነበር ወይ፣ አዲስ ነው ብለሽኝ አልነበረም ወይ እያሉ ጠየቋት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ለዓባይነሽ ማለት! በደም ፍላት አውቶቡስ ተሳፍራ ቡሬ ደረሰች። ስክሪኑ የተገጠመበት ሳጥን፣ ፓነሉ፣ ተወልውሎ፣ ጸድቶ ይጠብቃታል። ወደ ጀርባው ዞራ ብሎኑን ስታየው ግን ቀዩ ቀለም ተሰነጣጥቋል።

አምላኩ ተጠራ። ፈትተኸዋል ወይ ቢሉት አዎ አለ። ለምን ቢሉት ልሸፍነው ብዬ ነው አለ። አቶ እጅጉ ሳቁ፤ ንዴት የቀላቀለ ሳቅ። ብሎን ፈትቶ የሚሸፍን የት አገር ታይቶ ያውቃል? ልጁ ሌላ ሊጨምር ሲል ዓባይነሽ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ እጅ ገብቶበታል» አለች። «የእኔ ዕቃ እንከን የለበትም።»

በቃ፣ ነገሩ አለቀ። እሷ አዲስ ድራይቨር ገጥማ ተመለሰች። ልጁ በዚያው ሳምንት ተባረረ። ያኔ ስብሰባ ላይ ሰውን ፀረ ልማት ማለት ቀላል ነበር፤ አምላኩም ይህችው ስም ሳትቀርበት፣ ሆን ብሎ ንብረት ያበላሸ የሚል ደብዳቤ ተሰጠው። ያንን ደብዳቤ የያዘ ሰው የትኛው ፋብሪካ ይቀጥረዋል? ዓባይነሽ አላሳሰባትም፤ ስሟ ተርፏልና እንቅልፏን ለጥ ብላ ተኛች።

መጋቢት ላይ አለማየሁ ደወለላት። አለማየሁ የአቶ እጅጉ የእህት ልጅ ነው፤ ሰው ጠፋ ብለው በአምላኩ ቦታ የተኩት የሥጋ ዘመዳቸው። ስክሪኑ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ሲነኩትም አይሰማም አላት። ይሄኛውም ሌባ ነው ማለት ነው ብላ፣ እመጣለሁ ሳትል፣ በማግስቱ ማለዳ ተሳፍራ ፋብሪካው ውስጥ ዱብ አለች።

ፓነሉን ስታየው ባለችበት ቆመች። ልብስ ለብሷል! የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛው ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ተጣብቆበታል፤ ከላይ ደግሞ ነጭ ዳንቴል፣ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ እንደሚጣለው፣ ተደርቦበታል። ሠራተኛው ዳንቴሉን ገለጥ እያደረገ በፕላስቲኩ ላይ ነው የሚነካው። ወደ ጀርባው ዞረች። የፕላስቲኩ ጫፍ በክዳኑ ስር ገብቶ በብሎን ተጠብቋል፤ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አንድም ሳይቀሩ ተደፍነዋል። መዳፏን ብታሳርፍበት ፈጀት። ድራይቨሯ በገዛ ሙቀቷ ታፍና እየነደደች ኖራለች።

ይህን ማን አደረገው ብላ አለማየሁ ላይ ጮኸችበት። ልጁ ግራ ገባው።

«አምላኩ ነዋ። ሲያስረክበኝ አጥብቆ አደራ ብሎኛል። እትዬ ዓባይነሽ ሸፍነው ብለዋል፣ እሳቸው ሲመጡ ብቻ ገፈህ ወልውለው አለኝ። ዛሬ መምጣትዎን አላወቅሁም።»

ክው አለች። ያ ልጅ በእሷ ቃል ተባርሮ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ በሩን ሊወጣ ሲል እንኳ የእሷን ትእዛዝ ለተተኪው አደራ ሰጥቶ ነው የሄደው። እሷስ? ሸፍነው ስትል ጀርባው ይተንፍስ አላለችም። ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ራሷን ጠርጥራ አታውቅም ነበር። ፕላስቲኩን ቀዳ ጣለችው።

ዝም ብላ ጠግና ብትሄድ ማንም አያውቅባትም፤ ይሄም በልቧ ሽው ብሏል፣ አልዋሽላትም። አቶ እጅጉ ቢሮ ገባችና ግን ስክሪኑን ሁለቴ ያቃጠልሁት እኔ ነኝ፣ አምላኩን ይመልሱት አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ይህንንም ጠረጠሩ፤ ዘመድሽ ነው እንዴ፣ ማን ላከሽ እያሉ አፋጠጧት። አምላኩን ለመመለስ እሺ እስኪሉ ድረስ ፀሐይ አዘቀዘቀች። እሷንም ከእንግዲህ ባለሙያ ከባሕር ዳር አስመጣለሁ ብለው፣ የዛሬውን ጨርሳ እንድትሄድ ነገሯት።

ገበዝ ማርያም ድረስ ራሷ ሄደች። አምላኩ ከአባቱ ማሳ ድንች ሲያወጣ አገኘችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፣ ይቅር በለኝ አለችው። አንገቱን አልደፋም ዛሬ፤ ዓይን ዓይኗን እያየ ሰማት። እሺ፣ እመጣለሁ ብቻ አለ።

ሰኞ ዕለት ወደ ሥራው ልታደርሰው አብራው መጣች፤ ፓነሉ ፊት ቆመው ዕድሜውን የሚያረዝመውን አንድ በአንድ አስረዳችው። ጀርባው ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፣ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ማታ ማታ አራግፍ፣ ብርሃኑን በግማሽ ቀንስለት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አታብራው፣ አሥር ደቂቃ ታገሥ። ድሮ ቢሆን አንገቱን ነቅንቆ ይበቃው ነበር። አሁን ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ።

«እትዬ፣ ይጻፉልኝ» አላት። «ይፈርሙበትም።»

ጻፈችለት። አምላኩ መስመር በመስመር አነበበው። ከዚያም አለማየሁን ጠራና ምስክር ሁን አለው። በባዶ ቃሏ አምኗት የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ይሄ ልጅ ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። አምላኩ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደና፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ፊርማዋን አገላብጦ አየው።