የጋሼ ተሰማ የቀትር ተማሪዎች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ደውላ ሒሳብ እንደከበዳት አወራችኝ። ደግነቱ ከፍ ያለ ዓመት ላይ የደረሱ ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ ያስጠናሉ አለችኝ። እኔም ሳላስበው፣ "ስንት ሆናችሁ ነው የምትማሩት?" ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ በስልክ ልነግራት አልሆነልኝም።

በእሷ ዕድሜ እኔም ሒሳብ ጥሎኛል። ቀይ ሽብር ካለፈ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ በመጀመሪያው ዓመት ወደቅኩ፤ መስከረም ላይ ድጋሚ ተፈትኜ ካላለፍኩ መባረሬ ነበር። ለክረምት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ቆላው ሙቀት ሲወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ለእናቴ የምነግራት ቃል ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ።

እናቴ ማሾ እየለቀመች ሰማችኝ። ሰፌዱን አስቀመጠች።

"ከወንዙ ማዶ ጋሼ ተሰማ አሉ። ሳያስከፍሉ ያስተምራሉ፤ ግን ሰው ልጁን አይልክም።"

"ለምን?"

"እሱን ተዪው፤ አላህ ይጠብቅሽ፣ ሂጂ። በቀትር ይሁን፣ ሰው እንዳያይሽ።"

የቆላን ቀትር የማያውቅ ሰው ጭርታ የሌሊት ብቻ ይመስለዋል። የዙሁር ሶላት ካለቀ በኋላ መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አይታይም። ውሾቹ እንኳ ማንጎው ሥር ተዘርግተው ቀና አይሉም፤ በሙቀት ከሚንጣጣው የጣሪያ ቆርቆሮ በቀር ድምፅ የለም። ድልድዩን ስሻገር የገዛ እርምጃዬ ከኋላዬ የሚከተለኝ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ቆምኩ።

ጋሼ ተሰማ ረጅም፣ ክስት ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። የቤታቸውን አንድ ግድግዳ ጥቁር ቀብተው ሰሌዳ አድርገውታል። ሁለት አግዳሚ ወንበር ነበረ። እኔን ከፊተኛው ላይ አስቀመጡኝ። የኋለኛው ባዶ ነው፤ ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ ግን ሦስት ደብተር ተዘርግቷል።

"ከአንድ ተማሪ በላይ አልቀበልም። ከዚያ ካለፈ ስብሰባ ይባላል" አሉኝ። ከዚያ ጠመኔ አንስተው ስም መጥራት ጀመሩ።

"ሁሴን።" አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቁ። "ጌታቸው።" ጠበቁ። "አሚናት።" ጠበቁ። "ዘይነባ።"

"አቤት" አልኩ።

ሲያስተምሩ እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ኮሌጅ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ያልገባኝ በአንድ ቀትር ይገባኝ ጀመር። አንድ ቀን ግን ረጅም ስሌት ጽፈው ቆም አሉና ከጭንቅላቴ በላይ እያዩ፣ "እንዴት፣ አሚናት?" አሉ። አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልክ ነሽ" ብለው መካከል ላይ የነበረውን የመደመር ምልክት ወደ መቀነስ ለወጡት። ስህተቱን እኔ አላየሁትም ነበር። ላብ በጀርባዬ ቁልቁል ሲወርድ ቀዘቀዘኝ።

ቤት ስመለስ እናቴን ጠየቅኋት፤ እሷም ነገረችኝ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ሦስቱ ልጆች እዚያው ክፍል ውስጥ ለማትሪክ ሲያጠኑ በስውር ይሰበሰባሉ ተብለው ከመምህራቸው ጋር ተወስደዋል። የተመለሱት ጋሼ ተሰማ ብቻ ናቸው።

ልቅር ብዬ ነበር። ግን ሌላ ማን ያስተምረኛል? በማግስቱም ሄድኩ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ የቀበሌ ጠባቂ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመ። "ስንት ናችሁ?" አለ።

"አንድ" እንዲሉ በልቤ ለመንኩ። ጋሼ ተሰማ ጠመኔውን እንኳ አላስቀመጡም። "አራት ተማሪ" አሉ።

ጠባቂው እኔን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ኋለኛው አግዳሚ ሄደና እዚያው ቀረ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ። ቆቡን አወለቀ፤ ጀርባውን ሳይሰጥ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየሄደ ወጣ። ተመልሶም አልመጣም።

"ጻፊ" አሉኝ ጋሼ ተሰማ። ጻፍኩ።

መስከረም ላይ አለፍኩ። በዕረፍት ስመለስ ለምስጋና ስኳር ይዤ ሄድኩ፤ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አንድ የአጣዬ ልጅ ተቀምጧል። ስም ሲጠሩ ደረስኩ፤ ሦስቱን ጠሩ፣ ከዚያ የልጁን። የእኔ የለም።

"ጋሼ፣ እኔንስ ረሱኝ?" አልኳቸው ለቀልድ።

"አንቺማ አልፈሻል" አሉኝ። "እነሱ ገና አልተፈተኑም።"

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው፤ እኔም ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ያ ጠባቂ ምን እንዳየ አላውቅም። ምናልባት ያየው ባዶ እንጨት ነው፤ ምናልባት ከወሰዷቸው አንዱ እሱ ነበር። ዞሬ ማየት እችል ነበር፤ አንገቴን ማዞር ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ፈራሁ። ነገ ለልጅ ልጄ ደውዬ ሄዳ እንድትመዘገብ እነግራታለሁ፤ ከጎኗ የሚቀመጡትንም ቀና ብላ እንድታያቸው፣ ስማቸውን እንድትጠይቃቸው።