ከአሥር እጅ ስምንቱ

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን አማርኛ አስተምሬያለሁ። የዓመቱ ትምህርት ሊያልቅ ሲል መምህራን ተሰብስበን በነጥብ አሰጣጥ እንነታረክ ነበር። አንዱ ለፈተናው ከመቶ ሰባ ይሰጠው ይላል፤ ሌላው ተነሥቶ የቤት ሥራውና የክፍል ተሳትፎው ካልታሰበለት ፈተና የሚያስደነግጠው ልጅ አለቀለት ይላል። ወጣቶቹ ጠረጴዛ እስኪደበድቡ ድረስ ይከራከራሉ። እኔን "እርስዎስ ምን ይላሉ?" ሲሉኝ አብዛኛው በወደደው ይሁን እላለሁ። ሰነፍ ነው ብለው ያሙኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ይሙኝ። እኔ ነጥብ ሰው ሲያስገድል አይቻለሁ።

ጣልያን በገባ ጊዜ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ባለ አንድ ደብር የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። የኔታ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የማይደክም ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት እሳቸው ቅኔ ይዘርፉልናል፤ ከዚያ እኛ በየመቃብሩና በየወይራው ሥር ተበታትነን የየራሳችንን ቅኔ ስንቆጥር፣ ማለት ከሐሳባችን ስናወጣ፣ እንውላለን። ወደ ማታ ተራ በተራ ፊታቸው ቀርበን የቆጠርነውን እንነግራቸዋለን። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። የሌላውን ቅኔ የእኔ ነው ብሎ የሚያቀርብ ተማሪ ከሌባ አይለይም ነበር።

ከቅኔው ሌላ ግስ አለ፤ የግዕዝ ቃላትን ከነእርባታቸው በቃል መያዝ ነው። አገባብም አለ፤ ቃላቱ እንዴት እንደሚሰካኩ ማወቅ ነው። የኔታ አንድን ተማሪ ሲመርቁ ይህን ሁሉ በምን እንደሚመዝኑ አልደበቁንም። ከአሥር እጅ ስምንቱ ለቅኔው፣ አንዱ ለግሱ፣ አንዱ ለአገባቡ ነበር። ለምኖ ላበላ፣ ውሃ ለቀዳ፣ የታመመ ላስታመመ ምንም የለውም። ይህ የክርስቲያን ግዴታ እንጂ ትምህርት አይደለም ይሉ ነበር። ግስ የያዘ የሰው ዕቃ ተሸካሚ ነው፣ መምህር የሚባለው ከራሱ የሚያመነጭ ነው ሲሉም ሰምቻቸዋለሁ።

ከደምበጫ በኩል የመጣ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ እለዋለሁ። በግስ የሚደርስበት አልነበረም፤ ጀማሪዎቹን የሚያስጠናው እሱ ነው። ቅኔ ግን አልሆንለት አለ። የሚቆጥረው ሁሉ ቤቱ ይመታል፣ ቃሉ ይቃናል፣ ግን ደረቅ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ይሰሙትና "ይህን ሰምቼዋለሁ" ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ሰምተውት አያውቁም፤ የተሰማ ያህል ሆኖባቸው ነው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ከእሱ በኋላ የመጡ እየተመረቁ ሄደው ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ እሱ እዚያው ቀረ።

እኔ የእሱ ተቃራኒ ነበርሁ። ቅኔ ይመጣልኛል፣ ግስ ይጠፋኛል። ሐሳቡ ተሟልቶልኝ ቃል ሲያጥረኝ ወደ እሱ እሮጥና "አያ፣ ለዚህ የሚሆን ግስ አምጣልኝ" እለዋለሁ። ደበሎውን ተከናንቦ እንደተጋደመ አከታትሎ ይደረድርልኛል፤ እኔ የሚጥመኝን እመርጣለሁ። ማታ የኔታ "ይበል" ይሉኛል። ከእኔ ስምንት እጅ ውስጥ የእሱ ስንቱ እንደነበር የጠየቀ የለም። እሱም ጠይቆ አያውቅም፤ እንዲያውም ስመሰገን ከእኔ ይልቅ ደስ የሚለው እሱ ነበር።

ጣልያን ከገበያው በላይ ባለው ኮረብታ ምሽግ ሠራ። አርበኛው ከጫካ ገበሬውን እህል አምጣ ይለዋል፤ የምሽጉም ሹም አምጣ ይለዋል። ለተማሪ የሚተርፍ ቁራሽ ጠፋ። ቀድሞ በእንተ ስማ ለማርያም ስንል ደጅ ይከፈትልን የነበረበት ቤት ሁሉ ዝም ይል ጀመር። በዚያ ላይ ተስቦ ገባና ጀማሪዎቹ በየጎጆው ተኙ። አኮፋዳውን አንግቶ ሩቅ ድረስ እየሄደ የሚለምንላቸው ያው ጓደኛዬ ነበር። ውሻ እየነከሰው ይመለሳል፤ ያመጣውን ኮቸሮ፣ ያን የደረቀ እንጀራ፣ በውሃ አርሶ በእጁ ያጎርሳቸዋል።

አንድ ሰሞን ከምሽጉ አዋጅ ወጣ። ተማሪ ልመና ብሎ እየዞረ ለአርበኛ ወሬ ያመላልሳል ተባለ። የተመረቀ መምህር ለአገልግሎቱ ከደብር ደብር መሄድ ይችላል፤ ተማሪ ግን ከደብሩ ቅጥር ርቆ ቢገኝ እንደ ሰላይ ይቆጠራል። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች ተሰብስበን የኔታ ዘንድ ገባንና ጓደኛችንን እንዲመርቁልን ለመንናቸው። በዕድሜም በትጋትም ይገባዋል፣ ደግሞም እሱ ካልወጣ እነዚህ ሕፃናት ያልቃሉ አልናቸው።

የኔታ አልተቆጡም። በረሃብ ምክንያት የተመረቀ መምህር ነገ ስንት ተማሪ እንደሚያበላሽ ጠየቁን። ወጥተን ለጓደኛችን ነገርነው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ልክ ናቸው አለ። በማግስቱ ጠዋት አኮፋዳውን አንግቶ ወጣ።

ጓደኛዬን ይዘው ያመጡት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የኔታ ቅኔ ለመስማት ተቀምጠው ሳሉ ነው። ሁለት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ነበሩ። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው፣ በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ነው። የጓደኛዬ እጅ የኋሊት ታስሯል፤ ኮቸሮ የሞላው አኮፋዳ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። መንገድ ላይ ሲይዙት መምህር ነኝ ብሏቸዋል። በሕይወቱ የዋሸው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አስተርጓሚው እጅ ነሣና "የኔታ፣ ይህ ሰው መምህር ነኝ ይላል። መርቀውታል?" አላቸው።

ድምፁ ለስላሳ ነበር። አዎ ይሉለት ዘንድ የፈለገ ይመስለኛል፤ ያን ቀን ገዳይ ለመባል የቸኮለ አልነበረም። እኔም በሆዴ አዎ ይበሉ፣ አዎ ይበሉ እላለሁ። የኔታ ቅኔ እንደሚሰሙ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሕይወታቸው ሙሉ ሲጠየቁ የኖሩት ጥያቄ ነው፤ የመለሱትም ሲመልሱ እንደኖሩት ነው።

"ግሱ የተሟላ ነው፤ በግስ እሱን የሚያህል የለኝም" አሉ። "አገባቡም ደህና ነው። ቅኔው ግን ገና ነው።"

"መርቀውታል ወይስ አልመረቁትም?"

"አልመረቅሁትም።"

አስተርጓሚው ለወታደሮቹ ባጭሩ ነገራቸው። ያ ሁሉ የግስና የአገባብ ምስክርነት በእነሱ ቋንቋ አንዲት ቃል ሆነች። ጓደኛዬ ማታ ማታ ሰምቼዋለሁ ሲባል እንደሚያደርገው አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ አኮፋዳው ለሕመምተኞቹ እንዲሰጥለት ለመነ፤ አስተርጓሚው ከአንገቱ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ከምሽጉ በታች እንደሰቀሉት ከገበያ የተመለሱ ሴቶች ነገሩን። ሬሳውን አውርደን እንድንቀብር አልፈቀዱልንም። ኮቸሮውን በልተነው ነበር። ለታመሙት አጉርሰን የቀረውን እኛ በላነው፤ ምን እናድርግ፣ ርቦናል።

ተናደድሁ። ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ያን ዕለት የኔታ ጎጆ ገብቼ፣ ለወትሮው ቀና ብዬ የማላያቸውን ሰው "አዎ ቢሉ ምን ይጎድልብዎ ነበር?" አልኋቸው።

"ነገ ተመርቀህ ሳለ አንተን ይዘው ቢመጡስ?" አሉኝ። "ለእሱ ዋሽቼ ቢሆን ለአንተ አዎ ስል ማን ያምነኛል?"

ለእኔ ብለው ነው እንግዲህ። ለስምንቱ እጅ ባለቤት። ትቻቸው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ለዚያ ንግግር መልስ ስፈልግ እውላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነበሩ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ የእሱ አንገት መደፋት ይመጣብኝና እረግማቸዋለሁ። የኔታ ከዚያ በኋላ ቅኔ አልዘረፉም። ማታ ስንቀርብ ይሰማሉ፤ ይበልም ሰምቼዋለሁም አይሉም። እህል ሲቀርብላቸው ለታመሙት ስጡ ይላሉ።

የተስቦው ጊዜ ሲያልፍ ሁላችንንም ወደ ወይራው ሥር ጠሩን። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። በመጀመሪያ የመረቁት የሞተውን ነው። የምርቃቱን ቃል ምንም ሳያጎድሉ እስከ መጨረሻው ደገሙለት፤ በእሱ ምትክ አሜን የሚል ሲጠፋ እኔ አሜን አልሁ። ቀጥለው ከዳር ጀምረው ሁሉንም መረቁ። በግስ የሚንተባተበውን መረቁት። ባለፈው ወር የመጣውን፣ የመጀመሪያዋን አጭር ቅኔ እንኳ ያልጨረሰውን ልጅ መረቁት። ልጁ ከድንጋጤው የተነሣ እግራቸው ላይ ወደቀ።

ተራዬ ደረሰ። ለዚያች ቀን በረሃብም በእርዛትም ብዙ ክረምት ጠብቄያለሁ። ትልቁን ቅኔ፣ መወድስን፣ ከጨረስሁ ቆይቻለሁ፤ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ወይም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እጃቸውን በራሴ ላይ ሲጭኑ ያዝሁትና "የኔታ፣ የእኔስ ሞልቷል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አልመዘንሁህም" አሉኝ። "ማንንም አልመዘንሁም። መምህር ነህ፣ ሂድ።"

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ከወንዙ ማዶ አንድ ወታደር ከአስተርጓሚ ጋር አስቆመኝና ምን እንደሆንሁ አስጠየቀኝ። መምህር ነኝ አልሁ። አመነኝ፤ አለፍሁ። ጓደኛዬ ያለውም ይህንኑ ነበር፤ ከሁለታችን የዋሸው ማን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።